የደብዳቤው ግርጌ

ሥራዬ ደም መቅዳት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ሴንትራል ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው ሜዳ ላይ በተሠራ ክሊኒክ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የሰው ክንድ ሳስር፣ መርፌ ስሰካ፣ ብልቃጥ ስሞላ እውላለሁ። ከሰው ጋር ስተዋወቅ ፊቱን ከማየቴ በፊት የክንዱን ደም ሥር ነው የማየው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ደም ምን እንደሚያወርስና ምን እንደማያወርስ ከብዙ ሰው ይልቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልመንና ወሬዬን ልጀምር።

አባቴን አላውቀውም። እኔ በእናቴ ሆድ ሳለሁ ሰሜን ጦር ግንባር ዘመተ፤ ጥርስ ሳላበቅል መርዶው ደረሰ። ፎቶ እንኳ የለውም። ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ «ስመለስ ከልጁ ጋር ሦስት ሆነን እንነሳለን» ብሎ ነው የሄደው። ከእሱ የቀረን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። እናቴ አራት ቦታ አጥፋ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ወደ ኮሎራዶ ስትመጣ ሻንጣ አላመነችም፤ በመቀነቷ ቋጥራ ነው ያመጣችው።

ያ ደብዳቤ ለእኔ አባት ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ገበያ ስትወጣ ቆርቆሮውን እከፍትና ፊደሎቹን እያየሁ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። የ«ለ» እግሮች ረዘም ይላሉ፤ የ«ሽ» አናት ላይ ያለችው ሰረዝ እንደ ሽማግሌ ባርኔጣ ወደ ጎን ዘመም ትላለች። ውሎ አድሮ የእጅ ጽሑፌ ቁርጥ እሱን ሆነ። አስተማሪዎቼ «እንዲህ ያለ ጽሕፈት ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ «አባቴ» እላለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ ጎንበስ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ደብዳቤው እንደ ዘመኑ ደብዳቤ ሁሉ «ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለሚወለደው ልጅ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ የእናቴን የጥርስ ፍንጭት የሚያነሱ ሁለት ስንኞች አሉ፦

«ፍንጭትሽ በር ሆኖ ይታየኛል ከሩቅ፣
ስሜ ደጅ ይጠናል፣ ጥሪኝ እና ልሳቅ።»

ከዚያ «ያንቺው» ይላል። ከ«ያንቺው» በታች ስም የለም። ስም መኖር በነበረበት ቦታ ሰማያዊ ቀለም ተደፍቶ ደርቋል፤ የወረቀቱ እጥፋትም በላዩ ስለሚያልፍ ተፈግፍጎ መልኩ ጠፍቷል። ብዕር የተፋበት ነበር የሚመስለኝ። የአባቴን ስም የበላ ቀለም ነው እያልኩ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠላው ኖርኩ።

አምና በጋ መጨረሻ ላይ ምስር ልገዛ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለ ሱቅ ገባሁ። ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ከዚያ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። በሩ ላይ፣ «የሚከራይ ክፍል» ከሚሉት ወረቀቶች መሃል፣ አንድ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በጦርነቱ ዘመን ግጥሞቹ በሬዲዮ ይነበቡ ስለነበረ አንድ ወታደር ፊልም እየተሠራ ነው ይላል። ገጣሚውን በስም የማያውቀው የሰፈራችን ሰው የለም፤ እሱም እዚያው ግንባር የቀረ ነው። ስለ ፍቅር ሕይወቱ የሚተርክ ነው፣ የእሱ ደብዳቤ ወይም ፎቶ ያላችሁ ደውሉልን ይላል። ከጽሑፉ ጀርባ የገጣሚው የራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ከአንድ የግጥም ደብተሩ ተነሥቶ፣ ጎልቶ ታትሟል።

«ሽ» ባርኔጣዋን አዝምማ ቆማለች።

ክው አልኩ። ምስሩን መሬት አስቀምጬ ጠጋ አልኩ። የ«ለ» እግሮች ረዣዥም ናቸው። እያንዳንዱን ፊደል አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ የጻፍኩት ነው የሚመስለው። ባለሱቁ «ምነው፣ የምታውቂው ሰው ነው?» ሲለኝ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ሂሳብ ከፍዬ ምስሩን ጥዬው ወጣሁ።

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ እናቴን ዘወር ባለ መንገድ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያን ገጣሚ ወታደር ታውቂው ነበር እንዴ?»

«በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለችና ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ነፍሱን ይማረው። ስንቱን ሰው የጠቀመ ልጅ ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር ብችል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እኔ ግን ችኩል ነኝ፤ ሥራዬም ችኩል አድርጎኛል፤ ሥሩን ካገኘሁ እሰካለሁ። ዓይኗን ስትሰብር አየሁና ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ደብዳቤው የገጣሚው ነው። ደብዳቤው የአባቴ ነው። እንግዲያው ገጣሚው አባቴ ነው፤ እኔ በስሙ የምጠራው ያ ምስኪን ወታደር ደግሞ ሽፋን ነበር። በእናቴ መዋሸት ተናደድኩ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት፤ ለምን እንደሆነ እንኳ አልነገርኳትም። በሦስተኛው ቀን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የባለ ግጥም ልጅ መሆን የማይወድ ማን አለ? ክሊኒክ ውስጥ የሰው ክንድ እያሰርኩ «አይ እናንተ፣ ማን መርፌ እንደያዘላችሁ ብታውቁ» እላለሁ በልቤ።

ፊልሙን የሚሠራው ሰው በሌክውድ ከተማ ነው የሚኖረው። ቀን የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ በትርፍ ጊዜው ቤዝመንቱ ውስጥ ፊልም ይቆርጣል ይቀጥላል። ደውዬ ቅዳሜ ሄድኩ። ትሑትና ደግ ሰው ነው፤ ይህን የምለው በኋላ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ላይ ስለተደፈደፈ ነው። ደብዳቤውን በስልኬ አንስቼ ይዤለት ሄጄ ነበር። ከማሳየቴ በፊት ግን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ብርሃን ጨመርኩ። ከ«ያንቺው» በታች ያለውን የተበላሸ ቀለም ቆርጬ አወጣሁት። የአባቴን ደብዳቤ እድፍ ይዞ ሰው ፊት ላቀርበው አልፈለግኩም።

ሰውየው ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና ከላይ እስከ ግርጌው አነበበው።

«ስም የለውም» አለኝ በመጨረሻ።

«የለውም።»

«ገባሽ አይደል? ሲክሬት ነው ማለት ነው። ሌሎች አራት ደብዳቤዎች አሉኝ፣ ለአራት ሴቶች የተጻፉ። በእነሱም ላይ ስሙ የለም። ይሄ ሰውዬ ሲወድ ስሙን እየደበቀ ነበር!» አለና ፈገግ አለ። «እናትሽ ባለትዳር ነበሩ?»

«ነበረች። ባሏም እዚያው ክፍለ ጦር ውስጥ ወታደር ነበር» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ «ባሏ»። አባቴ አላልኩም።

የፈቃድ ወረቀት ሰጠኝና ሞላሁለት። ወረቀቱን አንስቶ አየው። የእኔን ጽሑፍና የገጣሚውን ደብተር ጎን ለጎን አስቀመጠና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ደም ነው!» አለኝ። ጽሕፈት በደም እንደማይተላለፍ፣ ሁለተኛ ክፍል ቁጭ ብዬ የገለበጥኩት እንደሆነ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ደም የምቀዳው እኔ፣ «ደም ነው» ሲለኝ ዓይኔን እንባ ሞላው።

ፊልሙ የታየው ከስምንት ወር በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኦሮራ ውስጥ በተከራዩት አዳራሽ ነው። እናቴን ይዣት ሄድኩ። በመጨረሻ ምስጢሯ በክብር ሲወጣ ታየዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ያኔ እንታረቃለን ብዬ ነበር ያሰብኩት። ፊልሙን አስቀድሜ አላየሁትም፤ ፊልም ሠሪው «ሰርፕራይዝ ይሁንልሽ» ብሎኛል። እናቴ ደግሞ ለብቻዋ መች ትሄዳለች? የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞቿን አስከትላ መጣች፤ ነጠላቸውን አጣፍተው አንድ ረድፍ ሞሉ።

እናቴ በዚያ ማኅበር ውስጥ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የምትጠራው እሷ ናት። ከሥራ ስትመለስ ሳሎናችን ውስጥ የተኳረፈ ጥንድ ተቀምጦ ማግኘት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። «እኔ በአንድ ደብዳቤ ስንት ዘመን ለባሌ ታምኜ ኖርኩ፤ እናንተ ቀኑን ሙሉ ስልክ እየተደዋወላችሁ ምን አጣላችሁ?» ትላቸዋለች። በዚህች አባባል ከፍቺ የተመለሱ አሉ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያንን ወረቀት የፈረምኩት።

አዳራሹ ጨለመ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሳቀ፤ ከሌክውድ በላይ ያለው ተራራ ሰሜን ግንባር ሆኗል፤ ጥዱ አሳበቀበት እንጂ ድንጋዩስ አይታማም። ገጣሚው ይተኩሳል፣ ይጽፋል፣ ያፈቅራል። አንዷን ይተዋል፣ ሌላዋን ያስለቅሳል። ቀጥሎ ጥርሰ ፍንጭት የሆነች አንዲት ወጣት ስክሪኑ ላይ መጣች። የገጣሚው ድምፅ «ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን» ብሎ ማንበብ ጀመረ።

እናቴ ክንዴን ያዘች። «ውይ! ይሄ የኔ ደብዳቤ ነው» አለች በሹክሹክታ። በጨለማው ውስጥ ፍንጭቷ ታየኝ፤ እንደ ልጅ ደስ ብሏታል። «ከየት አገኙት?»

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ፊልሙ ውስጥ ማለቴ ነው። ባልየው፣ የገጣሚውን ሻንጣ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ የሚከተል ጅል ሆኖ የተሠራው ወታደር፣ ግንባር ቀርቷል። ገጣሚው በፈቃድ ወደ ከተማ መጥቶ የጓደኛውን ሚስት በር ያንኳኳል። ወጣቷ ግራ ቀኝ አይታ ትከፍትለታለች። መብራቱ ይጠፋል። ቀጥሎ ሆዷ ገፍቶ ታየች።

በጨርቅ የተሞላው ያ ሆድ እኔ ነበርኩ።

ደሜ ቆመ። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። በልቤ ስምንት ወር ሙሉ ሳጫውተው የኖርኩት ነገር ነው፤ ነገር ግን በልቤ ውስጥ በር አልነበረውም፣ መብራት አይጠፋም ነበር፣ ሁለት መቶ ሰውም አልተቀመጠበትም። ክንዴን ይዞ የነበረው የእናቴ እጅ ቀስ ብሎ ለቀቀኝ። ወደ እሷ ለመዞር ድፍረት አጣሁ። በዚያኛው በኩል የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲከምሩ ግን አየሁ። ከእሳቸው ቀጥላ ያለችው፣ እናቴ ባለፈው ጾም ከባሏ ያስታረቀቻት፣ አንገቷን አስግጋ እናቴን ጥርስ ጥርሷን ታያለች።

በመጨረሻ ስሞች መውረድ ጀመሩ። «ደብዳቤውን ላበረከቱልን ለባለታሪኳ ልጅ» ይልና የእኔ ሙሉ ስም ይከተላል። አባቴ ብዬ የምጠራው ሰው ስምም አብሮ አለ።

መብራት በራ። ማጨብጨብ ጀምረው የነበሩት ሰዎች ግማሽ መንገድ ላይ አቆሙ። ፊልም ሠሪው መድረክ ላይ ወጥቶ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እናቴ ተነሣች። ማይኩን ከሚያዞረው ልጅ እጅ ተቀብላ፣ ለመናገር እንደማትቸኩል ሰው ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ በሰው ፊት መናገር አልለመድኩም። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ያ ደብዳቤ ግርጌ ነበረው። ግርጌውን ማን ቆረጠው?»

ፊልም ሠሪው ግራ ገባው። «እማማ፣ እርስዎ ደብዳቤውን ያውቁታል?»

«የኔ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሰውየው ፊቱ ላይ ላብ ወጣ። «እማማ በጣም ይቅርታ፣ እኔ ምንም ክሮፕ አላደረግኩም። እንዲሁ ነው የተላከልኝ። ስም ስላልነበረው...» አለና ወደ እኔ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ስም የለውም፣ ምክንያቱም ባለቤቴ ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር» አለች እናቴ። «ፊደል አያውቅም። ይሄ ገጣሚው ልጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለማይጽፉት ሁሉ ይጽፍላቸው ነበር። ማታ ማታ ይሰለፉለት ነበር አሉ፤ እያንዳንዱ የሚስቱን ነገር ይነግረዋል፣ እሱ ያሳምረዋል። ጥርሴን ያየው ባለቤቴ ነው። ስንኙን የገጠመው ልጁ ነው። ግርጌው ላይ ባለቤቴ በጣቱ ፈርሟል። ጣቱን አምጡልኝ።»

አንዲት ሴት ከኋላ፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «የሞተ ሰው አይመሰክር፣ ምን ይባላል እንግዲህ» አለች። ሰው ሳቀባት ልበል ሳቀላት? አንዳንዶቹ ደግሞ በፊልም ሠሪው ላይ ተነሡበት፤ «አጭበርባሪ!» አሉት፤ «የሰው ትዳር ሸጠህ!» አሉት። እኔ ግርጌውን ቆራጯ፣ እዚያው መሃላቸው ተቀምጬ፣ አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ሁሉ የማፍርበት እሱ ነው።

እናቴ ማይኩን መለሰች። «ሂጂ መኪናውን አስነሺ» አለችኝ። «ደብዳቤውን አምጥቼ አሳያቸዋለሁ። ሳይበተኑ።»

መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን ሁለቴ ጣልኩት። ከፓርኪንጉ ሳንወጣ ነገርኳት። ማስታወቂያውን፣ ሌክውዱን፣ ፎቶውን፣ ወረቀቱን፣ የቆረጥኩትን ቀለም፣ ገጣሚው አባቴ ነው ብዬ ማሰቤን። ኮልፋክስ ላይ ቀይ መብራት ያዘን፤ አረንጓዴ በርቶ ከኋላ ጡሩንባ ሲያንባርቁብኝም አልተንቀሳቀስኩም።

«ንጂ» አለችኝ።

ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆርቆሮውን አወረደች። ደብዳቤውን ኩሽና መስኮቱ ላይ አንስታ ለፀሐይ ዘረጋችው። «ነይ እዪ።»

አየሁ። ብርሃኑ ከኋላ ሲመታው ያ የተደፋ ቀለም አልነበረም። ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ እርስ በርስ ተቃቅፈው ይዞራሉ። መሃሉ ላይ አንድ ሽንቁር፣ የጠባሳ ምልክት አለ፤ ያረሰ፣ የፈለጠ፣ የቆሰለ ጣት ነው። ሰውየው ቀለሙን አብዝቶበት፣ እንዳይጠፋ ብሎ ነው መሰለኝ በኃይል ተጭኖታል። ዕድሜዬን በሙሉ አባቴን ፊት ለፊት እያየሁ ብዕር የተፋበት ነው እል ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አስተማሪዎችሽ ፊት "አባቴ ነው ያስተማረኝ" ስትዪ፣ የቱን ልንገርሽ? አባትሽ መሃይም ነው ልበልሽ? ኋላ ትልቅ ስትሆኚ አውቀሽዋል ብዬ ተውኩት።» ደብዳቤውን ከመስኮቱ አወረደችው። «ይሄን ያመጣልኝ ወታደር እንደነገረኝ፣ ያ ልጅ ፊደልም ያስተምራቸው ነበር። "ባለቤትሽ እስከ በ ደርሷል፣ የሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ ስሙን ራሱ ይጽፈዋል" አለኝ። እኔም መሠረተ ትምህርት ገብቼ እስከ ነ ደርሼ ነበር። እበልጠው ነበር።» ሳቀች። በዚያ ሁሉ መሃል፣ ፍንጭቷ እየታየ፣ ሳቀች።

ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «እኔ እዚህ አገር ለመግባት አሥሩንም ጣቴን ሰጥቻለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አሻራ ስትሰጥ ጣቷ በሥራ ብዛት አልቆ ማሽኑ አላነብ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። «እሱ አንዷን ብቻ ነው ሰጥቶኝ የሄደው። አንቺ እሷን ቆረጥሻት።»

ደብዳቤውን አጣጥፋ እጄ ላይ አደረገችው። «እኔ አልመለስም። አንቺ ነሽ የወሰድሽው፣ አንቺ መልሺው። ማን እንደቆረጠውም ንገሪያቸው። ያ ምስኪን ሰውዬ ሰው ሁሉ ሲሰድበው ዝም ብለሽ አየሽ።»

ወደ አዳራሹ ስመለስ ገሚሱ ሰው ሄዷል። ማኅበርተኞቹ ግን አልሄዱም፤ አስፋልቱ ዳር ክብ ሠርተው ቆመው ነበር፤ ሳያቸው ወሬያቸውን አቆሙ። «ግቡ» አልኳቸው። እንዴት ያለ ድምፅ እንዳወጣሁ እንጃ፣ ተከተሉኝ። ፊልም ሠሪው መድረኩ ጫፍ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ደብዳቤውን ሰጠሁት፤ ምንም ሳልለው ግርጌውን አየ። በስልኩ አነሣውና ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘው።

ግድግዳው ላይ ወጣ። የሰው ቁመት የሚያህል አውራ ጣት። መስመሮቹ፣ ሽንቁሩ፣ የተጫነበት ኃይል፣ ሁሉም ይታያል። ከላዩ «ያንቺው» ይላል።

«ይሄን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ማይክ አልያዝኩም፤ ጮኼ ነበር መሰለኝ። «እድፍ መስሎኝ ነው። ይሄ አባቴ ነው። እናቴ ሌላ ሰው አታውቅም። ይሄ ሰውዬም አላጭበረበረም፤ ያታለልኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ አዛውንት ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡ። «እኔም ተሰልፌለታለሁ» አሉ። «በአንድ ሲጋራ ነበር የሚጽፍልን፤ ሲጋራ ያጣንም እንደሆን ይጽፍልናል። ልጄ፣ የሌሎቹን ሴቶች ደብዳቤ ግርጌ እስቲ እይልን።»

ፊልም ሠሪው ስልኩ ላይ ያሉትን አራት ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አወጣ። በሁለቱ ላይ ግርጌው ተቀዷል። በሦስተኛው ላይ እሱ ራሱ የሻይ ጠብታ ነው ብሎ ያለፈው እድፍ አለ፤ አጎላው፤ ጣት ነው። በአራተኛው ላይም ጣት አለ፤ ሌላ ሰው፣ ሌላ ጣት። አራት ሴት አሳብዷል ያልነው ሰው የባሎቻቸውን ናፍቆት ነበር የተሸከመው። ፊልም ሠሪው መድረኩ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ የራሱ የቱ ነው?» አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ። ሁለት ዓመት የሰው ፍቅር ሲያሳድድ ኖሮ፣ የገጣሚው የራሱ ነው ብሎ የሚምልበት አንድ ደብዳቤ አልነበረውም።

ማኅበርተኞቹ ሲወጡ አንዳንዶቹ ትከሻዬን ነካ አድርገው አለፉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ከምረው የነበሩት ሴትዮ «እናትሽን ነገ እመጣለሁ በያት» አሉኝ። ያቺ ከባሏ የታረቀችው ግን ዓይኔን ሳታይ ሄደች፤ እስከ ዛሬም ቤታችን አልመጣችም።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቴ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣለች፤ ቆርቆሮው ክዳኑ ተከፍቶ ፊቷ አለ። ደብዳቤውን ሰጠኋት። መጀመሪያ ግርጌውን አየች፤ ከዚያ አጣጥፋ አስገባችው።

«አዩት?» አለችኝ።

«አዩት።»

«ሁሉም?»

«የነበሩት ሁሉ አዩት። ግድግዳ ሙሉ ሆኖ ነው የታየው።»

ክዳኑን ገጠመችና እጇን ላዩ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ? አየሽው?»